ያለ ዕድሜ ጡረታ፦ ከመልቀቂያው ደብዳቤ በፊት የሚሠራ ሒሳብ

ጡረታ የሚለው ቃል የተገኘው "ጦረ" ከሚለው ግሥ ነው። ልጅ ጉልበታቸው የደከመ ወላጆቹን ሲያበላ፣ ሲያለብስና ሲያስታምም ጦረ ይባላል። "ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ" የሚለው የሽማግሌዎች ምርቃትም የሰው ልጅ በእርጅናው ዘመን የሚፈልጋቸውን ሁለት ነገሮች አጣምሮ ይዟል። የኢትዮጵያ መንግሥት ይህን የመጦር ኃላፊነት ለመንግሥት ሠራተኞች በሕግ የተረከበው በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1955 ሲሆን፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች ግን ተመሳሳይ ሽፋን ያገኙት ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ሁለቱ ዘርፎች በ2014 ዓ.ም. በወጡት አዋጅ ቁጥር 1267/2014 እና አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ይተዳደራሉ። አርሶ አደሩ አሁንም በአብዛኛው የሚጦረው በልጁና በመሬቱ ነው።

በሕጉ መሠረት የመውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት መሥሪያ ቤታቸውን መሰናበት የሚሹ ብዙዎች ናቸው። ሠላሳ ዓመት በጠመኔ አቧራ ድምፁ የሻከረ መምህር፣ የሌሊት ተራ እግሯን ያሳበጣት ነርስ፣ ገጠር ያሉ ወላጆቹ አስታማሚ ያጡበት የግብርና ባለሙያ፣ ደመወዙ ከወር ወር አላደርስ ብሎት በንግድ የተሻለ አገኛለሁ የሚል የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከአለቃው ጋር መስማማት ያቃተው ሰውም አለ። ምክንያታቸው ቢለያይም መልቀቂያ ደብዳቤውን የሚጽፉት ብዙውን ጊዜ በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ልብ ቀድሞ ይወስናል፣ ሒሳቡ ኋላ ይመጣል። ችግሩ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ በራስ ፈቃድ የተጻፈ መልቀቂያ ከጸደቀ በኋላ የሚከተለው ውጤት በቀላሉ አይመለስም።

የመልቀቂያው ቀንና የአበሉ ቀን

ብዙ ሠራተኞች የሚሳሳቱት አንድ ነገር ላይ ነው። ረዥም ዓመት ማገልገል ብቻውን ሥራ በለቀቁ ማግስት አበል የሚያስገኝ ይመስላቸዋል። የጡረታ ሕጉ ግን ሁለት ነገሮችን ለይቶ ይመለከታል፤ አንዱ የአበል መብት ሲሆን ሌላው ክፍያው የሚጀምርበት ጊዜ ነው።

ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 60 ዓመት ሞልቶት ሲሰናበት ዕድሜ ልኩን የሚከፈል የጡረታ አበል ያገኛል። ከ10 ዓመት በታች ያገለገለ ሰው በዕድሜ ሲሰናበት የሚያገኘው ወርኃዊ አበል ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው። ቀድሞ የመውጣት መብት ደግሞ ከረዥም አገልግሎት ጋር የተያያዘ ነው፤ 25 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ቢለቅ የአበል ክፍያው ከመውጫ ዕድሜው አምስት ዓመት ቀድሞ፣ ማለትም በ55 ዓመቱ ይጀምርለታል።

እዚህ ላይ "በ55 ዓመቱ" የሚለው ቃል ትልቅ ክብደት አለው። በ22 ዓመቱ ሥራ የጀመረ ሰው በ48 ዓመቱ 26 ዓመት አገልግሏል። የአገልግሎት ዘመኑን አሟልቷል ብሎ በዚያ ዕድሜው ቢለቅ፣ አበሉ እጁ የሚገባው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። በእነዚያ ሰባት ዓመታት ደመወዝ የለም፣ አበል የለም። ምናልባት ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበት፣ ወላጆቹም የሚታመሙበት ዘመን ይሆናል። ስለዚህ "ቀድሞ መውጣት" የሚባለው ነገር በዚህ አገር ሕግ በተግባር ሲታይ ከ55 እስከ 60 ባለው የአምስት ዓመት መስኮት ውስጥ የሚደረግ ምርጫ ነው። ከዚያ በፊት የሚለቅ ሰው ጡረታ ወጣ ከማለት ይልቅ ሥራ ቀየረ ማለቱ ይቀላል፤ በመሐል ያለውን ጊዜ የሚያሻግረው ሌላ ገቢ ከወዲሁ ሊኖረው ይገባልና።

የግል ድርጅት ሠራተኞች ደግሞ ልብ ሊሉት የሚገባ የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። የዘርፉ የጡረታ ሥርዓት የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በመሆኑ፣ አገልግሎቱ በሙሉ በግል ድርጅት የሆነና ከዚያ ዓመት ጀምሮ መዋጮ የከፈለ ሠራተኛ 25 ዓመት የሚሞላው በ2028 ዓ.ም. ነው። ቀደም ሲል በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ግን የሁለቱ ዘርፎች የአገልግሎት ዘመን ተደምሮ ሊያዝለት ስለሚችል፣ የቀድሞውን መሥሪያ ቤት ማስረጃ ፈልጎ ማቅረብ ይጠቅመዋል።

መቶኛው እንዴት ይሰላል

የጡረታ አበል መነሻ የሚሆነው ሠራተኛው ከመሰናበቱ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት የዚህ አማካይ 30 በመቶ ይያዛል። ከ10 ዓመት በላይ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ለሲቪል ሠራተኛው 1.25 በመቶ ይታከላል። ጣሪያው 70 በመቶ ሲሆን፣ እዚያ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ይጠይቃል።

አንድ መምህር በ22 ዓመቱ ተቀጥሮ በ55 ዓመቱ 33 ዓመት አገልግሏል እንበል። ከ10 በላይ ያሉት 23 ዓመታት በ1.25 ሲባዙ 28.75 ይሆናሉ። ከመነሻው 30 ጋር ሲደመር 58.75 በመቶ ነው። የሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙ 12,000 ብር ቢሆን ወርኃዊ አበሉ 7,050 ብር ይሆናል። ይኸው መምህር እስከ 60 ዓመቱ ቢቆይ አገልግሎቱ 38 ዓመት ይሞላል፤ መቶኛውም 65 ይደርሳል። በመሐል ደመወዙ አድጎ አማካዩ 15,000 ብር ቢሆን አበሉ 9,750 ብር ይሆናል።

በሁለቱ መካከል በየወሩ 2,700 ብር ልዩነት አለ። ከዚህ ልዩነት በአምስቱ ዓመት የተጨመረው መቶኛ የሚያመጣው ትንሹን ክፍል ነው፤ 12,000 ብር ላይ 6.25 በመቶ 750 ብር ብቻ ነው። ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ከደመወዙ ዕድገት ነው። ቀድሞ የወጣ ሰው አበሉ በትናንቱ ደመወዝ ላይ ቆሞ ይቀራል። የጡረታ አበል በየጊዜው በመንግሥት ውሳኔ የሚሻሻል ቢሆንም ከገበያው ዋጋ ጋር በየወሩ አብሮ አይሄድም። የጤፍና የዘይት ዋጋ ግን ማንንም አይጠብቅም። ስለዚህ የደመወዝ ማሻሻያ ወይም የደረጃ ዕድገት በቅርብ የሚጠብቅ ሠራተኛ አንድ ወይም ሁለት ዓመት መታገሡ ዕድሜ ልኩን የሚከፈለው ብር ላይ ለውጥ ያመጣል። አማካዩ የሦስት ዓመት በመሆኑ ጭማሪው ሙሉ በሙሉ አበሉ ላይ የሚታየው ሦስት ዓመት ከተሠራበት በኋላ ነው።

ሌላው መታየት ያለበት ልዩነት በሠራተኛው እጅ ይገባ በነበረውና ወደፊት በሚገባው ገንዘብ መካከል ያለው ነው። ከላይ የተጠቀሰው መምህር የመጨረሻ ደመወዙ 13,000 ብር ሆኖ፣ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ተቀንሶ 9,500 ብር ገደማ ይቀበል ነበር ቢባል፣ አበሉ 7,050 ብር ሲሆን በየወሩ የሚጎድለው 2,500 ብር ገደማ ነው። የደመወዙን ግማሽ ያጣ መስሎት የነበረ ሰው በዚህ ሊጽናና ይችላል። በአንጻሩ ከደመወዝ ውጭ የትርፍ ሰዓት፣ የውሎ አበል ወይም የኃላፊነት አበል ያገኝ የነበረ ሠራተኛ እነዚህ ሁሉ ከጡረታው ስሌት ውጭ መሆናቸውን ማወቅ አለበት። የቤተሰቡ ኑሮ በደመወዝ ሳይሆን በውሎ አበል ይደጎም ከነበረ ጉድለቱ እጅግ የሰፋ ይሆናል።

የታመመ ሰው መልቀቂያ አይጻፍ

ጤናቸው ታውኮ ሥራ መሥራት ያቃታቸው ሠራተኞች ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት ነገር በራሳቸው ፈቃድ መልቀቅ ነው። ይህ ከስሕተቶች ሁሉ የከፋው ሳይሆን አይቀርም። ሕጉ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ በጤና ጉድለት ምክንያት ሥራውን መቀጠል የማይችል ሠራተኛ፣ ይህም በሐኪሞች ቦርድ ከተረጋገጠ፣ 60 ዓመት እስኪሞላው ሳይጠብቅ የጤና ጉድለት አበል እንዲያገኝ ይፈቅዳል። በሥራ ምክንያት ለደረሰ ጉዳት ደግሞ የተለየ አበል አለ። ሠራተኛው በራሱ ፈቃድ ከለቀቀ በኋላ "ታምሜ ነበር" ቢል ግን ጉዳዩ የሚታየው በፈቃዱ እንደለቀቀ ሰው ነው።

በመሆኑም ሕመም ያለበት ሠራተኛ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ሐኪም ነው፤ ከዚያም የሕክምና ማስረጃውን ይዞ ወደ ሰው ሀብት ክፍል። ነገሩ ጊዜ ይወስዳል፣ ያሰለቻል፣ ያመላልሳል። ይሁን እንጂ በ45 ዓመቱ ኩላሊቱ ወይም ወገቡ የከዳው ሰው 10 ወይም 15 ዓመት ያለ አበል ከመጠበቅና ከወዲሁ አበል ከማግኘት የትኛው እንደሚሻለው ግልጽ ነው።

ማኅደሩ

የጡረታ መብት የሚወሰነው ሠራተኛው በሚናገረው ሳይሆን በማኅደሩ ውስጥ በተጻፈው ነው። ዕድሜ የሚታየው ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር በሞላው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ ባስመዘገበው የትውልድ ዘመን ነው። በኋላ የሚወጣ የልደት ካርድ ወይም ሌላ መታወቂያ ይህን አይለውጠውም። በወጣትነቱ ሥራ ለማግኘት ሲል ዕድሜውን ከፍ ያደረገ ሰው ቀድሞ ይወጣል፤ ዝቅ ያደረገ ደግሞ ጉልበቱ ከደከመ በኋላም መሥራት ይኖርበታል።

ከዕድሜው ይልቅ የሚያስቸግረው የአገልግሎት ዘመን ማስረጃ ነው። ሦስትና አራት ወረዳ የዞረ ባለሙያ በየቦታው ማኅደር ይኖረዋል። የወረዳዎች መከፈልና መዋሐድ፣ የመሥሪያ ቤቶች ስም መለዋወጥ፣ ዝናብ ያስገባ የመዝገብ ቤት ጣሪያ፣ በጦርነት ጊዜ የተዘረፈና የተቃጠለ ጽሕፈት ቤት፣ እነዚህ ሁሉ የአንድን ሰው አምስት ወይም ስድስት የሥራ ዓመት ከወረቀት ላይ ሊያጠፉ ይችላሉ። በሒሳቡ መሠረት የጠፋ እያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ነው፤ 25 ዓመት ለመሙላት አንድ ዓመት የጎደለበት ሰው ደግሞ ቀድሞ የመውጣት መብቱን ጨርሶ ያጣል። ለዚህ መድኃኒቱ የቅጥር ደብዳቤን፣ የዝውውር ደብዳቤን፣ የደረጃ ዕድገትና የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤዎችን፣ ከየመሥሪያ ቤቱ የተሰጠ የአገልግሎት ማስረጃን በቤት ውስጥ ቅጂ ይዞ ማስቀመጥ ነው። ያላስቀመጠ ሰው ከመልቀቁ ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በፊት ፍለጋውን ቢጀምር ይበጀዋል፤ የቀድሞው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ራሱ ጡረታ ሳይወጣ ማለት ነው።

የግል ድርጅት ሠራተኛ በተጨማሪ አሠሪው መዋጮውን በትክክል ገቢ ማድረጉን ማረጋገጥ አለበት። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ይከፍላሉ። ከደመወዝ ላይ የተቆረጠ ገንዘብ ሁሉ ወደ ፈንዱ ገብቷል ማለት አይደለም። የጡረታ መለያ ቁጥር ይዞ የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። የመንግሥት ሠራተኛም የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ላይ የአገልግሎት ዘመኑ እንዴት እንደተያዘና በሥራ ላይ ባለው አዋጅ መሠረት አበሉ መቼ እንደሚጀምር መልቀቂያውን ከማስገባቱ በፊት አጣርቶ ቢመለስ ጥሩ ነው።

በአበሉ መኖርን አስቀድሞ መሞከር

ጡረታ ለመውጣት ያሰበ ሰው ሊያደርገው የሚችለው ከሁሉ የሚጠቅም ሙከራ ቀላል ነው። አበሉን ከላይ በተገለጸው መንገድ ያሰላል፤ ከዚያም ሥራ ላይ እያለ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያው የገንዘብ መጠን ብቻ ይኖራል። ትርፉን በባንክ ወይም በቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ያስቀምጣል። መስከረም ላይ የትምህርት ቤት ወጪ ይመጣል፣ ገናና ፋሲካ፣ ረመዳንና አረፋ ይመጣሉ፣ የዘመድ ሠርግና ተዝካር ይመጣሉ። ዓመቱን ሳይበደር የጨረሰ ቤተሰብ መልሱን አግኝቷል። በሦስተኛው ወር የተቸገረም እንዲሁ፣ ያውም ደመወዙ ገና በእጁ እያለ።

ዕዳና ዋስትናም በዚሁ ጊዜ መጥራት አለባቸው። ከደመወዝ እየተቆረጠ የሚከፈል የቁጠባ ማኅበር ብድር ሠራተኛው ሲለቅ ከቁጠባው ጋር ይተሳሰባል፤ ቀሪ ካለ ከኪስ ይከፈላል። ከዚህ ይልቅ የሚረሳው በደመወዝ ለሌላ ሰው የገቡት ዋስትና ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ለባልደረባው የፈረመ ሰው ፊርማውን ረስቶት ይሆናል፤ አበዳሪው ግን አይረሳም። የቤት ጉዳይም አለ። በ55 ዓመቱ በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው አበሉ በየዓመቱ ከሚጨምር የቤት ኪራይ ጋር የሚገጥመው ውድድር አሸናፊው ከወዲሁ የታወቀ ነው። ቤት ሳይኖር ቀድሞ መውጣት ከማንኛውም ሌላ ጉድለት በላይ የከበደ መሆኑን ብዙ ቤተሰቦች በኑሯቸው ያውቁታል።

ከጡረታ በኋላ ስለሚጀመር ሥራ ሲታሰብ ብዙዎች ባጃጅ መግዛት፣ የእህል ወፍጮ መትከል፣ ዶሮ ማርባት ወይም ወተት ላም መያዝ ይቀናቸዋል። ሁሉም የሚያዋጡ ሥራዎች ናቸው፣ ለሚያውቃቸው። የእንቁላል ዶሮ ከጫጩትነቷ ተነሥታ እንቁላል እስክትጥል አምስት ወር ገደማ ትበላለች እንጂ አታስገኝም፤ ከወጪውም ትልቁ ድርሻ የመኖ ነው። ከ200 ጫጩት ከመጀመር በሃያ ጀምሮ አንድ ዙር በሽታውን፣ ክትባቱንና ገበያውን ማየት፣ ያውም ገና ደመወዝ እየተከፈለ ሳለ፣ ኪሳራውን ትምህርት ያደርገዋል። የዓመታት ቁጠባን በአንድ ቀን በማያውቁት ንግድ ላይ ማፍሰስ፣ በተለይም "አንተ ገንዘቡን አምጣ፣ እኔ እሠራዋለሁ" በሚል ዘመድ ምክር፣ ስንቱን ጡረተኛ ወደ ዕዳ እንደከተተው በየከተማው የሚነገር ታሪክ ነው።

ወደ ትውልድ መንደር ተመልሶ ማረስ የሚመኙም አሉ። እዚህ ላይ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የገጠር መሬት ይዞታ በውርስና በስጦታ የሚተላለፈው የመሬት ሕጉ ለሚፈቅድላቸው ሰዎች ነው። ከተማ የኖረ የመንግሥት ሠራተኛ ወንድሙ ወይም እኅቱ ሲያርሱት በኖሩት መሬት ላይ "የአባቴ ነው" ብሎ ቢመጣ ከወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት በፊት ከቤተሰቡ ጋር ይጣላል። መሬት መከራየት ይቻላል፤ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በወረዳው ሊመዘገብ ይገባል። ንብ ማነብና ጓሮ አትክልት ብዙ መሬት ስለማይጠይቁ ለተመላሽ ጡረተኛ የተሻሉ ናቸው።

የአርሶ አደሩ ጡረታ

የአርሶ አደር ልጅ ለሆነ የከተማ ሠራተኛ ይህ ክፍል ስለ ራሱም ጭምር ነው፤ ከጡረታ አበሉ የተወሰነውን ወደ ገጠር የሚልከው እሱ ነውና። አርሶ አደር በ55 ወይም በ60 ዓመቱ ደብዳቤ አይደርሰውም። ሞፈርና ቀንበር መያዝ ሲከብደው መሬቱን ለልጁ ይለቃል ወይም ለእኩል ያሳርሳል። ብዙ ጊዜ ጡረታው የሚጀምረው ሳይታሰብ ነው፤ አንዱ ልጅ ሲያገባ ጥቂት ጥማድ ይቆረስለታል፣ ሁለተኛው ሲያገባ ሌላ፣ በመጨረሻም ለወላጆቹ የሚተርፈው የቤቱ ዙሪያ ብቻ ይሆናል። ጎጆ የወጡት ልጆች የራሳቸው አፍ አላቸው፤ ጧሪ የተባለውም ልጅ ራሱ ለፍቶ አዳሪ ነው።

በዚህ ጉዳይ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር ቃልና ወረቀት ናቸው። "እየጦርኋችሁ መሬቱን ልያዝ" ያለ ልጅ መሬቱ በስሙ ከተዛወረ በኋላ ቃሉን ቢያጥፍ ወላጆች ወደ ሽምግልና፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። ስለዚህ ስጦታው ከመጦር ግዴታ ጋር የተያያዘ ከሆነ ያ ግዴታ በስጦታው ውል ላይ ተጽፎ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት እንዲመዘገብ ማድረግ ይገባል። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በባልና ሚስት ስም ከሆነ አንዱ ብቻውን ሊሰጥ አይችልም። ብዙ አረጋውያን እናቶች ከባላቸው ሞት በኋላ መብታቸውን ያስከበሩት በዚያ ደብተር ላይ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በመኖሩ ነው።

መሬትን ሙሉ በሙሉ ከመልቀቅ ይልቅ ጥቂቱን አስቀርቶ ለእኩል ማሳረስ፣ ለእህል በማይሆን ጠርዝ ላይ ባሕር ዛፍ መትከል፣ በየዓመቱ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮን አለማቋረጥ፣ አርሶ አደሩ ለራሱ የሚያዘጋጃቸው የጡረታ መንገዶች ናቸው። ባሕር ዛፉ ውኃ ይጠጣል፣ የጎረቤትን ማሳ ይጎዳል የሚለው ወቀሳ ትክክል ነው፤ ሆኖም ጉልበት ላነሰው ሰው የማይታረምና የማይኮተኮት ገንዘብ መሆኑም እውነት ነው። ከማሳ ድንበር አርቆ መትከል ሁለቱን ያስታርቃል።

ከደወሉ በኋላ ያለው ማለዳ

ገንዘቡ የተስተካከለለት ሰው እንኳ የማይጠብቀው ነገር የመጀመሪያዎቹ ወራት ባዶነት ነው። ሠላሳ ዓመት ከንጋቱ 12 ሰዓት የተነሣ ሰው ጡረታ በወጣ ማግስትም በዚያው ሰዓት ይነቃል። መሄጃ ግን የለውም። በመጀመሪያው ሳምንት ዕረፍት ይመስላል፤ በሁለተኛው ወር ግን ሰው ከአልጋው ለመነሣት ምክንያት ይፈልጋል። አንዳንዱ በየቀኑ ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤቱ እየሄደ በር ላይ ይቀመጣል፤ ባልደረቦቹ በመጀመሪያ በደስታ፣ በኋላ በይሉኝታ ይቀበሉታል። አንዳንዱ ጠዋት መጠጥ ቤት መግባት ይጀምራል።

ቤት ውስጥም አዲስ ነገር ይፈጠራል። ሚስት የቤቱን ሥራ በራሷ ሥርዓት ስትመራ ኖራለች። ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ባል ወጡ ለምን ዘገየ፣ ዘይቱ ለምን በዛ፣ ይህች ጎረቤት ለምን መጣች ማለት ሲጀምር ሠላሳ ዓመት ያልተጣሉ ባልና ሚስት ይጣላሉ። ሴት ጡረተኛ በተቃራኒው ከቢሮ ወጥታ ሙሉ ቀን ወደ ማጀት የምትገባበት፣ የልጅ ልጆች ጥበቃም ያለ ምንም ጥያቄ የሚጫንባት ጊዜ አለ። ይህ ለእሷ ጡረታ ሳይሆን ደመወዝ የሌለው ሁለተኛ ሥራ ነው። ከመውጣት በፊት ባልና ሚስት ቁጭ ብለው ቀኑ እንዴት እንደሚውል፣ ማን ምን እንደሚሠራ፣ የትኛው ገንዘብ በማን እጅ እንደሚሆን ቢነጋገሩ ከገንዘቡ ዕቅድ ባላነሰ ይጠቅማቸዋል።

ዘመድና ጎረቤትም የጡረተኛውን ጊዜ እንደ ራሳቸው ይቆጥሩታል። "እሱ ምን ሥራ አለው" እየተባለ የቀብር ማስተባበሩ፣ የዕድሩ ጸሐፊነት፣ የሽምግልናው ጉዳይ፣ የማዘጋጃ ቤት ምልልሱ ሁሉ በእሱ ላይ ይወድቃል። ዕድርና ሽምግልና ለጡረተኛ ክብርም ጤናም ናቸው፤ ሰው ከሰው እንዳይለይ ያደርጋሉ። ነገር ግን ልክ አላቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ለማኅበረሰቡ፣ ቀሪውን ለራሱ ሥራ ብሎ የለየ ሰው ሁለቱንም ይፈጽማል። አንዳንድ መምህራን በየሰፈሩ ልጆችን እያስጠኑ፣ አንዳንድ የጤና ባለሙያዎች ለጎረቤት አረጋውያን የደም ግፊት እየለኩ ሙያቸውን ይዘው ይቀጥላሉ። መምህር የተባለ ሰው ደግሞ ጡረታ ከወጣ ሃያ ዓመት በኋላም በመንገድ "መምህር" ተብሎ ይጠራል፤ ይህ ስም ከደመወዝ ጋር አይቋረጥም።

አካልም የራሱን ይጠይቃል። ቢሮ እስኪደርስ በእግሩ ይሄድ የነበረ ሰው ቤት ሲውል እንቅስቃሴው ይቀንሳል። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ብዙ ጊዜ ያለ ምልክት ስለሚቆዩ በየጊዜው መለካት፣ በየቀኑም ግማሽ ሰዓት መራመድ ጠቃሚ ነው። ገበያ በእግር መሄድም መራመድ ነው።

የትዳር ጓደኛ ማወቅ ያለበት

የጡረታ አበል ከባለመብቱ ጋር አይቀበርም። ጡረተኛው ሲሞት የትዳር ጓደኛው የአበሉን 50 በመቶ፣ በሕጉ የዕድሜ ገደብ ውስጥ ያለ ልጅ ደግሞ እያንዳንዱ 20 በመቶ ያገኛል። ይህ የሚሆነው ጋብቻውና ልጆቹ በሠራተኛው ማኅደር ውስጥ ከተመዘገቡ ወይም በማስረጃ ከተረጋገጡ ነው። በባህል ተጋብተው ሠላሳ ዓመት የኖሩ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ግን ያላወጡ ባለትዳሮች ብዙ ናቸው። ሁለቱም በሕይወት እያሉ ወደ ቀበሌው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ሄደው ጋብቻቸውን ማስመዝገብ ይችላሉ፤ አንዱ ከሞተ በኋላ ግን ምስክር መቁጠር፣ ፍርድ ቤት መመላለስና ወራት መጠበቅ ይመጣል። የባንክ ደብተሩ፣ የጡረታ መለያ ቁጥሩ፣ የመሬቱ ደብተርና የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ በአንድ ላይ ተጠቅልለው የት እንደተቀመጡ ከትዳር ጓደኛ በተጨማሪ አንድ ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ ቢያውቅ የተሻለ ነው።